ከማን አንጀት? በመንዝ ደጋ የአንድ ምንጭ ብክለት መነሻ ፍለጋ

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ደጋ የሚገኝ የአንድ ጎጥ ምንጭ በክረምት ለምን እንደሚበከልና ብክለቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ያደረግነውን ሥራ ከመነሻው እስካለበት ደረጃ ይዘግባል። የጎጡን ስም ሆን ብዬ አልጠቅስም። በጉዳዩ መካከል ያለ ጥፋታቸው አንድ ክረምት ሙሉ ሲታሙ የቆዩ አንዲት እናት አሉ፤ ስሙን ብጠራ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወዲያው ይለያቸዋል። እኔ የውሃ ጥራት ባለሙያ ነኝ፤ ወደ ምንጩ የሄድኩትም በጎጡ ሕጻናት ላይ ተቅማጥ እንደበዛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ካሳወቀች በኋላ፣ በሐምሌ አጋማሽ ነበር።

ምንጩ የሚፈልቀው ከዳገት ግርጌ ነው። የአካባቢው ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ብዙ ስንጥቅ ያለው ባዛልት ሲሆን፣ የዝናቡ ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ ይወርድና ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲገጥመው ወደ ጎን ተጉዞ በዳገቱ እግር ብቅ ይላል። እንዲህ ያለው ውሃ በአሸዋ መካከል ቀስ ብሎ እየተጣራ እንደሚመጣ ውሃ አይታመንም፤ ስንጥቁ ሰፋ ካለ ከላይ የወደቀው ቆሻሻ ሳይጣራ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከታች ሊደርስ ይችላል። የምንጩ ዐይን በድንጋይ ግንብ ተከብቦ በሲሚንቶ ክዳን ተሸፍኗል። ከግንቡ የሚወጣው ቱቦ ሁለት መክፈቻ ላለው ቦኖ ውሃ ይሰጣል፤ የሚተርፈው ደግሞ ከብትና በግ ወደሚጠጡበት ገንዳ ይወርዳል። ከምንጩ በላይ የግጦሽ መሬት አለ፤ ከዚያ ወዲያ የገብስ ማሳ፤ በዳገቱ ወገብ ላይ ደግሞ የእኒያ እናት ቤትና ሽንት ቤት።

የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት እንደተሰማ የውሃ ኮሚቴው ጣቱን የቀሰረው ወደዚያ ሽንት ቤት ነው። ክሱ ከምንም ተነሥቶ የመጣ አልነበረም። ሽንት ቤቱ ከምንጩ በላይ ነው፤ የተቆፈረውም በቅርብ ዓመት፣ በሽንት ቤት ዘመቻ ወቅት ነው፤ «ይህ ጉድጓድ ሳይኖር ምንጩ ደኅና ነበር» የሚለው ንግግር ከቦኖው ወረፋ እስከ ቀበሌው ስብሰባ ይሰማ ነበር። ርቀቱን በሜትር ስንለካው 46 ሜትር ሆኖ አገኘነው። በሙያው የተለመደው መመሪያ በሽንት ቤትና በውሃ መገኛ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር፣ የጉድጓዱም ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። በርቀቱ በኩል ሽንት ቤቱ መመሪያውን ያሟላል። ሆኖም 30 ሜትር የሚለው ልክ አፈር ለሚያጣራው ውሃ የወጣ ስለሆነ ለተሰነጣጠቀ ዐለት ዋስትና ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ኮሚቴውን «ተሳስታችኋል» ለማለት በዚያች ሰዓት በእጄ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።

ቤታቸው ድረስ ሄጄ ሳነጋግራቸው እናቲቱ ደጃፋቸው ላይ ኩበት እየጠፈጠፉ ነበር። እጃቸውን በሣር ጠረግ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቆፍሩ አላችሁኝ፣ ቆፈርኩ። አሁን ደግሞ ድፈኑ ትሉኛላችሁ። ደፍኜ የት ልውጣ? ሜዳ?» አሉኝ። ጥያቄው ቁጣ ቢመስልም እንደ ሙያ ጥያቄም ትክክለኛ ነበር። ጉድጓዱ ቢደፈን ቤተሰቡ የሚወጣው ያው ከምንጩ በላይ ወዳለው ሜዳ ነውና ያለ ማስረጃ የሚወሰድ እርምጃ ችግሩን ከማቃለል ይልቅ ሊያባብሰው ይችል ነበር።

የቢጫው ነጠብጣብ ወሰን

የተጠቀምንበት መሣሪያ በሻንጣ የሚያዝ የመስክ መመርመሪያ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን በሆነ ስስ ማጣሪያ ላይ ይፈስሳል፤ ባክቴሪያው ከማጣሪያው ላይ ይቀራል፤ ማጣሪያው የባክቴሪያ ምግብ በጠጣ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያድራል። ከአንድ ናሙና ወደ ሌላው ሲታለፍ ዕቃው በሜታኖል ይጸዳል፤ ጥቂት ሜታኖል በኩባያው ውስጥ ይለኮስና እሳቱ ሊጠፋ ሲል ዕቃው ይከደናል፤ አየር ያጠረው ሜታኖል የሚያወጣው ፎርማልዴሃይድ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ውስጡን ያጸዳዋል። የሜታኖል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላልና እጁን ያልተጠነቀቀ ሰው ይቃጠላል። ይህን የምጽፈው ይህን ሥራ ለሚጀምር ወጣት ባለሙያ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው።

ማለዳ ሻንጣው ሲከፈት ሙቀት የማይበግራቸው ኮሊፎርሞች፣ ማለትም ኢ. ኮላይን የመሰሉ የዐይነ ምድር ብክለት ጠቋሚ ባክቴሪያዎች፣ ማጣሪያው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ከቦኖው የተወሰደው የሐምሌ ናሙና ማጣሪያ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ተሸፍኖ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ ወይም ሙቀት የማይበግረው ኮሊፎርም እንዳይገኝ ይጠይቃል። በሙያው እንደተለመደው ውጤቱን 0፣ ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 100 እና ከ100 በላይ በሚሉ መደቦች ስንመድበው የቦኖው ውሃ በመጨረሻው፣ ከፍተኛ አደጋ በሚያመለክተው መደብ ውስጥ ወደቀ። በጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ያለው የግንቦት ናሙና ግን ከ1 እስከ 10 ባለው መደብ ውስጥ ነበር። ውሃው በበጋ ቀለል ያለ፣ በክረምት ከባድ ብክለት አለበት ማለት ነው።

ምርመራው ከዚህ በላይ አይናገርም። ኢ. ኮላይን የሕጻናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪች እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕጻናት ዐይነ ምድር ለይቶ ከገለጸው ወዲህ ባክቴሪያው በውሃ ውስጥ መገኘቱ ዐይነ ምድር ወደ ውሃው ለመግባቱ እንደ ምስክር ሲቆጠር ኖሯል። ነገር ግን ኢ. ኮላይ በሰው አንጀት ብቻ ሳይሆን በላም፣ በበግ፣ በአህያ፣ በውሻና በዶሮም አንጀት ይኖራል።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚያስገርመኝን ነገር ላንሣ። የከብት እርጥብ ጣይ እበት ነው፤ ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ኩበት ይባላል። የበግና የፍየሉ በጠጥ ነው። የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያው ፋንድያ ነው። የዶሮው ኩስ ነው። የመንዝ እረኛ ሜዳ ላይ ያገኘውን ጣይ በመልኩ ብቻ አይቶ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ቋንቋውም ለእያንዳንዱ ስም አውጥቶለታል። ያ ሁሉ ጣይ በጎርፍ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ስሙ ይጠፋና በማጣሪያችን ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ብክለት መኖሩን እናውቃለን፤ እበት ይሁን በጠጥ፣ ፋንድያ ይሁን የሰው ዐይነ ምድር መለየት ግን ያቅተናል። አጥሩ የት ይተከል፣ ቦዩ በየት ይቆፈር፣ ማን ምን ያድርግ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ግን ያ የጠፋው ስም ሲገኝ ብቻ ነው።

ስሙን መልሶ ለማግኘት

የጠፋውን ስም የመፈለግ ሙከራ አዲስ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በተማረበት ዘመን የሚታወቅ ዘዴ አስታወሰን፤ ይኸውም የፊካል ኮሊፎርምን (ከላይ ሙቀት የማይበግረው ያልነውን) ቁጥር ፊካል ስትሬፕቶኮከስ ለሚባለው ሌላ የአንጀት ባክቴሪያ ቁጥር ማካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ጌልድራይክና ኬነር ባሳተሙት ሥራ መሠረት ውጤቱ ከ4 በላይ ከሆነ ብክለቱ ከሰው፣ ከ0.7 በታች ከሆነ ከእንስሳት እንደመጣ ይገመት ነበር። ዘዴው ርካሽ ነው፤ በመስክ መሣሪያም ይሠራል። ችግሩ ሁለቱ የባክቴሪያ ቡድኖች ከአንጀት ከወጡ በኋላ በእኩል ፍጥነት አለመሞታቸው ነው። አንዱ ቶሎ ሲሞት ሌላው ይቆያል፤ ስለዚህ ዛሬ «ሰው» የሚለው ቁጥር ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ውሃ ውስጥ «እንስሳ» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ዘዴው ከመደበኛ መመሪያዎች ወጥቷል፤ እኛም ተውነው። በእናቲቱ ላይ የተነሣውን ክስ ከቀን ወደ ቀን በሚለዋወጥ ቁጥር መፍረድ አይገባም ነበር።

የመረጥነው መንገድ ባክቴሮይደስ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች መከተል ነው። እነዚህ በአንጀት ውስጥ ከኢ. ኮላይ እጅግ በላቀ ብዛት የሚኖሩ፣ ኦክስጅን ባለበት ግን የማይራቡ ፍጥረታት ናቸው። ኢ. ኮላይ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሊሰነብት፣ አልፎ ተርፎም ሊራባ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት አንዳንዴ የቆየውን ብክለት የትናንት ያስመስለዋል። ባክቴሮይደስ ግን ከአንጀት ከወጣ በኋላ ስለማይራባና የዘር ቅንጣቱም ለወራት ስለማይከርም፣ ሲገኝ ብክለቱ የቅርብ ጊዜ ነው ለማለት ያስችላል። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ሌላው ጠባዩ ነው፤ ከአስተናጋጁ እንስሳ አንጀት ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ ስለኖረ በሰው አንጀት ያለው ወገን በሚያመነዥኩ እንስሳት አንጀት ካለው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2000 አን በርንሃርድና ካትሪን ፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ልዩነት በባክቴሪያው የዘር ጽሑፍ ላይ አግኝተው የሰውን ወገን የሚለይ ምልክት፣ የአመንዣኪዎችንም ወገን የሚለይ ምልክት አሳወቁ። የሰውን ወገን የሚለየው ምልክት ኤችኤፍ183 በሚል ስም ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ባክቴሪያውን ማብቀል አያስፈልግም፤ ውሃው ይጣራል፣ ከማጣሪያው ዲኤንኤ ይወጣል፣ ምልክቱ ካለ ፒሲአር በሚባለው ዘዴ እስኪታይ ድረስ ይባዛል።

ይህ ሥራ በወረዳ ደረጃ አይሠራም። ማጣሪያዎቹን ዲኤንኤን በሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ ነክረን፣ በበረዶ ሣጥን አድርገን ወደ አዲስ አበባ ወደ አንድ ላቦራቶሪ ላክናቸው። ከዚያ በፊት ግን ልንዘለው የማንችለው አንድ ሥራ ነበረ። በሌላ አገር ሰዎችና ከብቶች ላይ የተሠራ ምልክት እዚህ መንዝ ውስጥ እውነት መናገሩን ማረጋገጥ ነበረብን፤ የሰው ምልክት የተባለው ኤችኤፍ183 አልፎ አልፎ በዶሮና በውሻ ላይም እንደሚገኝ ይታወቃልና። ስለዚህ ከጎጡ እበት፣ በጠጥ፣ ፋንድያና ኩስ ሰበሰብን፤ ከሦስት ሽንት ቤቶችም ናሙና ወሰድን። ከሦስቱ አንዱ የእናቲቱ ነበር፤ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ማንኪያ አስሬ ናሙናውን ሳወጣ አጠገቤ ቆመው አዩኝ፤ «ይኸውልህ፣ ካለም ይታይ» አሉ። ውጤቱ ሲመጣ የሰው ምልክት በሦስቱም የሽንት ቤት ናሙናዎች ላይ ጎልቶ ታየ፤ በእበት፣ በበጠጥና በፋንድያ ላይ አልታየም፤ ከዶሮው ኩስ በአንዱ ላይ ደብዘዝ ብሎ ተገኘ። የአመንዣኪዎች ምልክት በእበትና በበጠጥ ላይ ታየ፤ በፋንድያና በሰው ላይ አልታየም። ይህ ምልክት ላምን ከበግ አይለይም፤ ስለዚህ ገና ከጅምሩ መልሳችን «እበት ወይም በጠጥ» ከሚለው እንደማያልፍ አውቀን ነው የገባነው።

ናሙናዎቹ የተወሰዱት ከአራት ቦታ ነው፤ ከምንጩ ዐይን ክዳኑን አንሥተን፣ ከቦኖው መክፈቻ፣ ከገንዳው፣ እንዲሁም በፈቃዳቸው ከተባበሩን ቤቶች ጀሪካን። ጊዜው ደግሞ ዝናብ ለጥቂት ቀናት ቆም ባለበት ወቅት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሦስት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ናሙና መውሰድ ለሪፖርት ይበቃ ይሆናል፤ በሰው ስም ላይ ለሚሰጥ ፍርድ ግን አይበቃም።

ምንጩ የተናገረው

ዝናብ ቆም ባለበት ጊዜ የምንጩ ዐይን ውሃ ኮሊፎርሙ ጥቂት ነበር፤ የሰውም የአመንዣኪም ምልክት አልታየበትም። ከዝናብ ማግሥት ግን በሦስቱም ቀናት ኮሊፎርሙ ከ100 በላይ ወደሆነው መደብ ዘለለ፤ የአመንዣኪዎች ምልክት በሦስቱም ቀናት ጎልቶ ታየ፤ የሰው ምልክት በአንዱም ቀን አልተገኘም። የቦኖው ውሃ የምንጩን ዐይን ተከተለ። የገንዳው ውሃ እንደሚጠበቀው በአመንዣኪ ምልክት የተሞላ ነበር።

አለመገኘት አለመኖር ማለት አይደለምና ይህን ውጤት ለኮሚቴው ስናቀርብ ቃላችንን መጥነን ነው። የእናቲቱ ጉድጓድ ናሙና በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ዘዴ ምልክቱን አጉልቶ አሳይቷል፤ ዘዴው የእሳቸውን ጉድጓድ ማየት ይችላል ማለት ነው። ጉድጓዱ በሦስት ከባድ ዝናቦች ወደ ምንጩ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ፣ እበቱን እንዳየነው እሱንም ባየነው ነበር። «በዚህ ክረምት የጎጡን ውሃ የበከለው ያ ሽንት ቤት ነው የሚል ማስረጃ የለም፤ የከብትና የበግ ነው የሚል ማስረጃ ግን ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አለ» ብለን ጻፍን። ከስብሰባው በኋላ ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ ወደ እናቲቱ ቤት መሄዳቸውን ሰማሁ። የተነጋገሩትን አላውቅም።

የአመንዣኪው ምልክት የእግራችንን መንገድም ቀየረው። ውጤቱ ሳይመጣ ዳገቱን የምናየው ወደ ሽንት ቤቱ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ከመጣ በኋላ ግን ዝናብ እየዘነበ፣ ጃንጥላ ይዘን፣ ጎርፉ የሚሄድበትን ተከትለን ከግጦሹ እስከ ምንጩ ወረድን። ከምንጩ በላይ የነበረው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ በደለል ተሞልቶ ከሜዳው እኩል ሆኗል፤ በአንድ በኩል ደግሞ ከብቶች ሲሻገሩበት ጠርዙ ፈርሷል። ጎርፉ በዚያ በፈረሰው በር ገብቶ፣ በጠጥና እበት ይዞ፣ በግንቡ ጀርባ ተኝቶ ወደ ኩሬ ይለወጣል። በሲሚንቶው ክዳንና በግንቡ መጋጠሚያ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ውሃው በስንጥቁ እየተመጠጠ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ሦስት የበግ በጠጦች በስንጥቁ አፍ ላይ ተሰክተው ሲሽከረከሩ ተመለከትኩ። በላቦራቶሪ የተነገረንን በዐይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

ገንዳውም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከቦኖው እጅግ ቀርቦ ስለተሠራ ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና ልጆች ከብቶቹ ባቦኩት ጭቃ ላይ ቆመው ይቀዳሉ፤ ጀሪካኑ ከጭቃው ላይ ይቀመጣል፤ በዚያው ጭቃ በተነካ እጅ ክዳኑ ይከፈታል።

ያልጠበቅነው ውጤት የመጣው ከጀሪካኖቹ ነው። የሰው ምልክት በምንጩም በቦኖውም አልነበረም፤ ከቤት በተወሰዱት ናሙናዎች በአንዳንዶቹ ላይ ግን ተገኘ። ውሃው ከቦኖው ከተቀዳ በኋላ፣ በቤት ውስጥ፣ የሰው ዐይነ ምድር ተነካክቶበታል። በጎበኘናቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ከጀሪካን ወደ እንስራ ወይም ባልዲ ገልብጠው በጣሳ እየጠለቁ ይጠጣሉ፤ ጣሳው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የሕጻን ሽንት ጨርቅ ያጠበች እጅ ሳትታጠብ ጣሳውን ታነሣለች። የዶሮው ኩስ ላይ የታየውን ደብዛዛ ምልክት በማስታወስ፣ ዶሮ በቤት ውስጥ የምታድርባቸውን ቤቶች ውጤት ከቁጥር አወጣነው። ከዚያ በኋላም የሰው ምልክት ያለባቸው ጀሪካኖች ቀሩ። በእናቲቱ ላይ ሲወራ የነበረው የሰው ብክለት በእርግጥ ነበረ፤ መነሻው ግን ከዳገቱ ላይ ሳይሆን ከየቤቱ ጓዳ ሆኖ ተገኘ። ይህን በስብሰባ ላይ በሰው ስም አልተናገርንም፤ ለየቤቱ ለየብቻ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሆነን ነገርን።

በዚህ መሐል አንድ የኮሚቴ አባል፣ «የከብት ከሆነማ ምን አለው? አያቶቻችን ከከብት ጋር ከአንድ ኩሬ ጠጥተው አድገዋል» ብለው ነበር። ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበውን ስለተናገሩ ጥያቄያቸውን በአክብሮት መመለስ ነበረብኝ። የሰው ዐይነ ምድር ሰውን የሚያሳምሙ ቫይረሶችን ስለሚይዝ አደጋው ብዙውን ጊዜ የከፋ ነው፤ የከብትና የበግ ጣይ ግን ንጹሕ አይደለም። ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ፣ ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለው ክፉ ዓይነት፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሁሉ ከእንስሳት ወደ ሰው በውሃ ይተላለፋሉ። ለዚህ የነገርኳቸው ምሳሌ የሩቅ አገር ነው። በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ግዛት በምትገኘው ዎከርተን ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ በአንድ እርሻ ላይ የተበተነ የከብት ፍግ ጥልቀት በሌለው በአንድ የከተማዋ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ክሎሪኑም በአግባቡ አልተጨመረም፤ 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,300 በላይ ታመሙ። በታማሚዎቹ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ከእርሻው ከብቶች ከተገኘው ጋር በዘር አሻራው ተመሳሰለ። ጉዳዩን ያጣራው አጣሪ ግን ገበሬውን አልወቀሰም፤ ፍጉን በተገቢው መንገድ ነበር የበተነው። የብክለትን መነሻ ማግኘትና ጥፋተኛ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ ታሪክ ተምሬያለሁ። ለእኛም ጎጥ የሚሠራ ነበር፤ በጎቹ የሁሉም ናቸውና።

የተሠራውና የቀረው

ሥራው የተጀመረው ከቦዩ ነው። የጎጡ ሰው በሁለት ቀን ቦዩን ቆፍሮ ደለሉን አወጣ፤ ከብት የሚሻገርበት ቦታ በድንጋይ ተነጠፈና ውሃው በጎን እንዲያልፍ ተደረገ። በክዳኑ መጋጠሚያ ላይ የነበረው ስንጥቅ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ በግንቡ ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ቦታ በሸክላ አፈር ተሞልቶ ተጠቀጠቀ። ግንቡ ውስጡ ተፍቆ ታጠበ፤ በክሎሪን ዱቄት ተጸዳ፤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ውሃው ፈሰሰ። ገንዳውን ማንቀሳቀስ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ንግግር ጠየቀ፤ ውሃውን ወደ ታች የሚያወርድ ቱቦ ገንዘብ ያስፈልገዋልና። በመጨረሻ ኮሚቴው ከቦኖው ከሚሰበስበው ገንዘብ ቱቦውን ገዝቶ ገንዳውን በቁልቁለቱ በኩል ከቦኖው አራቀው።

የሚቀረው ከምንጩ በላይ ያለው ግጦሽ ነበር። ለበግ አርቢ ሰው መሬት ዝጋ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ መንዝ ደግሞ የበግ አገር ነው። በዚህ ጊዜ ነገሩን የፈቱት ባለሙያዎች ሳንሆን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከመንዝ ሰው ጓሳን የማያውቅ የለም፤ አባቶች ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ያን ሰፊ መሬት ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ዘግተው ያቆዩት እንደነበር ሁሉም ያውቃል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ጓሳን የዘጋ ሕዝብ ይህችን ቁራሽ መሬት መዝጋት ያቅተዋል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ መዝጋት አለመዝጋት መሆኑ ቀርቶ ስፋቱ ምን ያህል ይሁን በሚለው ላይ ሆነ። አጥሩ ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ተተከለ፤ ሣሩን በተራ አጭዶ መውሰድ ተፈቀደ፤ የከብትና የበግ እግር እንዳይገባ ግን ተከለከለ።

በቤት በኩል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ በመጠኑ መጨመርን፣ ጀሪካንን አዘንብሎ መቅዳትን፣ ጣሳ አለመጥለቅን ቤት ለቤት አሳየች። ከክሎሪን ሽታ ይልቅ ማፍላትን የመረጡ ነበሩ፤ ትክክል ናቸው። በመንዝ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አንዳንዶች ይህን ሰምተው ማፍላቱ ይበቃል ወይ ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ይበቃል፤ የአንጀት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ይሞታሉ። እንዲያውም ክሪፕቶስፖሪዲየም ክሎሪንን ስለሚቋቋም በግ በሚበዛበት አገር ለሕጻናት የሚሰጥ ውሃ በክረምት ቢፈላ ይሻላል። ማገዶው ግን ያው ኩበት ነው፤ በክረምት ደግሞ ኩበት አይደርቅም። ይህን ጭንቅ ለሚያውቁ እናቶች «አፍሉ» ብሎ ተናግሮ መሄድ ቀላል ምክር አይደለም፤ ለዚህ ነው ምንጩን ራሱን ማዳን የሁሉ መጀመሪያ ነው ብዬ የተከራከርኩት።

በቀጣዩ ክረምት ተመልሰን በዚያው መንገድ መረመርን። ከከባድ ዝናብ ማግሥት በተወሰዱት ናሙናዎች የቦኖው ውሃ ከ1 እስከ 10 ባለው መደብ ውስጥ ወደቀ፤ አንዱ ናሙና ብቻ ከዚያ ከፍ አለ። ዜሮ ላይ አልደረስንም። የሰው ምልክት ዳግመኛም በምንጩ አልተገኘም። የአመንዣኪው ምልክት ግን ከፍ ባለው ናሙና ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። በአጥሩ ውስጥ እንስሳ አይገባም፤ ስለዚህ ይህ ብክለት የሚመጣው ከአጥሩ በላይ ካለው ግጦሽ በዐለቱ ስንጥቅ በኩል ይሆናል የሚል ግምት አለኝ። ግምቱ እውነት ከሆነ ቦዩም ክዳኑም አይከለክሉትም፤ በቦኖው ላይ ቋሚ የክሎሪን ማከሚያ ማቆም፣ ወይም አጥሩን ወደ ላይ ማስፋት ያስፈልጋል። ግምቱን ለማረጋገጥ በመጪው ሐምሌ ከአጥሩ በላይ ባለው ግጦሽ ላይ የጨው ውሃ አፍስሰን፣ በምንጩ ላይ የጨዋማነት ለውጥ መኖሩን በየሰዓቱ ለመለካት ከኮሚቴው ጋር ተስማምተናል።

የእናቲቱ ሽንት ቤት በቦታው አለ። ባለፈው ስሄድ በሩ ላይ የውሃ ጀሪካን ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ በምስማር በተበሳ ቀዳዳ እጅ መታጠቢያ ሆኖ አገኘሁት፤ አጠገቡ አመድ በጣሳ ተቀምጦ ነበር። ማን እንደሠራላቸው ብጠይቃቸው፣ «ከሳሾቼ» አሉኝና ቡና ሊያፈሉልኝ ወደ ውስጥ ገቡ።